የምንጠጣው በምን እንደጣፈጠ በአማርኛ ይጻፍልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ስኳር መወደድና መጥፋት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሸማቾች ሰልፍ፣ ስለ ኮታ፣ ስለ ፋብሪካዎቹ ሁሉም ይናገራል። ስኳር ሲጠፋ ድምፁን አጥፍቶ ቦታውን ስለያዘው ነገር ግን ማንም ሲያወራ አልሰማም። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ማለቴ ነው። በየሱቁ መደርደሪያ አለ። በየልጁ እጅ አለ። እኔ በምሸጣቸው አብዛኞቹ ፓኬቶች ላይ ግን መኖሩን በአማርኛ የሚናገር አንድ መስመር የለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ምግብም ሆነ መጠጥ ማጣፈጫ ከገባበት ፊት ለፊቱ ላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍበት።

"ምን ይህን ያህል አሳሰበሽ?" የሚለኝ ስለማይጠፋ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ናት። ጠዋት ከደወል በፊትና በእረፍት ሰዓት ደንበኞቼ ልጆች ናቸው። ከሰዓት በኋላ እናቶች ይመጣሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ከአንጎለላና ከጉዶ በረት በኩል የመጡ ገበሬዎች ገብሳቸውን ሸጠው ሲመለሱ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ዘይት ይገዛሉ። ሱቅ ውስጥ የዋለ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ምኑን እንደሚተው ያውቃል። ለልጁ ሲሆን ግን ምኑን እንደማይተውም ያውቃል።

ለልጅ ከማይተዉት ነገር አንዱ የጁስ ዱቄት ሆኗል። ትንሽ ፓኬት ናት። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ አናናስ ወይም እንጆሪ ተሥሎባታል። ልጆቹ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አድርገው ይበጠብጧታል። ውሃ ካላገኙ ፓኬቷን ቀድደው መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ይልሱታል። ምላሳቸው ብርቱካናማ ሆኖ ክፍል ይገባሉ። እናቶቹም ይገዟታል። "ውሃ ብቻ ከማስይዛት ይሄን ልበጥብጥላት፣ ቫይታሚንም አለው" ትለኛለች አንዷ። የተሣለውን ብርቱካን አይታ ነው። ልጇን የምትወድ፣ ከሌላት ላይ ቀንሳ የምትገዛ እናት ናት። የተጻፈላት ነገር ስለሌለ ሥዕሉን ታምናለች።

ፓኬቱ ሲገለበጥ ጽሑፉ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። እንግሊዝኛ ነው፤ አንዳንዱ ዓረብኛና ቱርክኛም አለበት። ፋርማሲ ያጠናች ልጅ አለችኝ። ለበዓል ስትመጣ መደርደሪያዬ ፊት ወንበር ይዛ ተቀምጣ አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ቀለም፣ መዓዛ። ከዚያ ደግሞ የእንግሊዝኛዋ ኢ ፊደል ያለችባቸው ቁጥሮች። 950፣ 951፣ 952፣ 954። አንዱ ፓኬት ላይ ሁለቱ፣ ሌላው ላይ ሦስቱ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች የሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች መለያ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳመጣ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው።

ስለ ማጣፈጫዎቹ ጥቂት ልበል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) የሁሉም ታላቅ ሳካሪን ነው። በ1879 አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገኘ። ኮንስታንቲን ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት ከላቦራቶሪ ወጥቶ እራት ሲቀርብ ዳቦው ጣፈጠው። እጁ ላይ የቀረ ኬሚካል ነበር። ሳይክላሜት በ1937 ተገኘ። አስፓርቴም በ1965 መጣ። ጄምስ ሽላተር የጨጓራ ቁስለት መድኃኒት ሲሠራ ወረቀት ሊያነሳ ጣቱን ላሰ፤ ጣቱ ጣፋጭ ነበር። አሲሰልፌም ፖታሲየም የሚባለው በ1967፣ ሱክራሎዝ ደግሞ በ1976 ተከተሉ። ሁሉም በአጋጣሚ አፍ ውስጥ ገብተው የተገኙ መሆናቸው ይገርመኛል።

ኃይላቸውን ለመረዳት የሱቅ ሒሳብ ይበቃል። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ስኳር ጣዕም ከ5 ግራም አስፓርቴም ይገኛል። ሳካሪን ከ300 ጊዜ በላይ ነው፤ ሦስት ግራም ገደማ ይበቃዋል። ሱክራሎዝ 600 ጊዜ ያህል ነው፤ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ኪሎ ስኳር ስንት እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ። አምራቹ ለምን ወደዚህ እንደሄደ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀኝ ጥያቄ ልምጣ። "ካንሰር ያመጣል ይባላል፣ እውነት ነው?" በስልክ የሚዞረው ወሬ ሰውን አስፈርቷል። እኔ ሰው በከንቱ እንዲፈራ አልፈልግም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ላስቀምጠው። በሐምሌ ወር 2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አስፓርቴምን "በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" ከሚላቸው ነገሮች መደብ አስገባው። ማስረጃው ውስን ነው ብሎም ተናገረ። በዚያው ቀን የድርጅቱና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ የቀን ገደቡን እንደነበረ አጸናው። ገደቡ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 40 ሚሊ ግራም ነው። ድርጅቱ ራሱ የሰጠው ምሳሌ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሌላ ምግብ ምንም ካልወሰደ፣ ገደቡን ለማለፍ 200 ወይም 300 ሚሊ ግራም አስፓርቴም ያለበትን ለስላሳ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ በላይ መጠጣት አለበት። ያን ያህል የሚጠጣ ማን አለ? አዋቂ ሰው አልፎ አልፎ ዜሮ ከሚባለው፣ በስኳር ፈንታ ማጣፈጫ ከገባበት ለስላሳ አንድ ጠርሙስ ቢጠጣ አልከራከረውም።

እኔ ግን የልጅን ሒሳብ ሠራሁ። ሱቄ ፊት የሚቆመው የአራት ዓመት ልጅ 15 ኪሎ ቢመዝን ነው። 15 ጊዜ 40 ብትሉት 600 ሚሊ ግራም ይመጣል። በዚያው ምሳሌ ቢሰላ ሁለት ወይም ሦስት ቆርቆሮ ማለት ነው። ይህ ለአስፓርቴም ነው። ለሳይክላሜት ይኸው ኮሚቴ ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ 11 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለዚያው ልጅ በቀን 165 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ሳይክላሜትን አሜሪካ ከ1969 ጀምሮ ከምግብ አግዳዋለች። አውሮፓ ደግሞ በገደብ ትፈቅዳለች። እሺ፣ በገደብ ይሁን። ታዲያ የእኔ ፓኬት ላይ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ የት ተጽፏል? የሳይክላሜት መለያ የሆነው ቁጥር 952 እንዳለበት ተጽፏል፤ መጠኑ ግን የለም። አንዲት እናት ካልኩሌተር ብትይዝ እንኳ የምታሰላው ነገር የላትም። ልጁ ደግሞ ዱቄቱን በሁለት ሊትር ይሁን በግማሽ ሃይላንድ እንደበጠበጠው ማንም አይለካለትም። መዳፉ ላይ አፍስሶ የላሰውስ?

በግንቦት 2023 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ ከካንሰሩ ወሬ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅም ይመስለኛል። ክብደት ለመቀነስ ወይም እንደ ስኳርና የልብ በሽታ ያሉትን ለመከላከል ተብሎ ማጣፈጫ መውሰድን አልመክርም አለ። ጥናቶቹ ሲታዩ በረጅም ጊዜ የሰውነት ስብን በመቀነስ ያመጡት ጥቅም አልተገኘም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የሚወስዱት ሰዎች ላይ የሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የልብ በሽታ ትንሽ በዝቶ ታይቷል። ምክንያቱ ማጣፈጫው ራሱ ይሁን የሰዎቹ የቀደመ ሁኔታ ስላልለየ ምክሩን በጥንቃቄ ነው ያስቀመጠው። ከዚያ ግን አንድ የወደድኩትን ነገር ጨመረ። ጣፋጭነትን ራሱን እንቀንስ፣ ከልጅነት እንጀምር አለ። እኔ በየቀኑ የማየው ይህንን ነው። ያንን ዱቄት የለመደ ልጅ ብርቱካን ስትሰጡት ፊቱን ያጨፈግጋል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ ማንጎ ቆርጬ ለጎረቤት ልጅ ብሰጠው "አይጣፍጥም" ብሎ መለሰልኝ። ማንጎ! የበሰለ ማንጎ አልጣፍጥ ያለው ምላስ እናቱ የጋገረችውን የገብስ ቂጣ ምን ይለዋል?

መመሪያው አንድ ወገን ለይቷል። ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። ይህንን ደግሞ በቤቴ አውቀዋለሁ።

አማቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሻያቸውን ያለ ጣፋጭ መጠጣት አይችሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሦስት ማንኪያ ሲጨምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐኪማቸው የፈቀደላቸውን ትንንሽ የማጣፈጫ ክኒን ነው የምናደርግላቸው። "ይቺ ባትኖር ሻይ ቀርቶብኝ ነበር ልጄ" ይሉኛል። እሳቸውን አይቼ ማጣፈጫ ይጥፋ ብል ግፍ ይሆንብኛል። በልኩ፣ አውቀው፣ ለፈለጉበት ጉዳይ ነው የሚወስዱት። ልክ የሆነው አወሳሰድ የሳቸው ነው። የሱቄ ደንበኞች እንዲህ አውቀው አይወስዱትም። የተጻፈ ነገር ስለሌለ ማወቅ አይችሉም።

ደግሞ ማወቁ ለስኳር ሕመምተኛ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። በሁለት በኩል ነው የሚያስፈልገው።

አንደኛው ይህ ነው። ብዙዎቹ የጁስ ዱቄቶች ማጣፈጫ ብቻ የገባባቸው አይደሉም፤ ስኳርም አለባቸው። ከገጠር አባቱን ሆስፒታል አምጥቶ የሚመለስ ልጅ ሱቄ ይገባል። "ስኳር አቁሙ ተብለዋል፤ ስኳር የሌለው ጁስ አለሽ እትዬ?" ይለኛል። ሌላ ሱቅ የዱቄት ጁስ አንስተው "ይሄ ስኳር የለውም፣ ማጣፈጫ ነው" ብለው የሸጡለትም አጋጥሞኛል። ጀርባውን ሳነበው የመጀመሪያው ቃል ስኳር ነው። ባለሱቁን አልኮንነውም። እሱም ያነበበለት የለም።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። እባካችሁ ይህችን ክፍል ሳታሳጥሩ አትሙልኝ።

የሰፈራችን አንድ አባወራ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጃቸው እየሮጠ መጣ። "አባዬ ላብ በላብ ሆነ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እማዬ ቶሎ ለስላሳ አምጣ ብላለች" አለኝ። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ ያሳለፈ ወይም ብዙ የደከመ ሰው እንዲህ ይሆናል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ዜሮ የተጻፈበትን ጠርሙስ አነሳ። "ለአባዬ የሚሆነው እሱ ነው" አለኝ። ልጁ ትክክል ነበር እኮ! ሁልጊዜ ለአባቱ የሚገዛው ያንን ነው። ስኳር የሌለው ለአባትህ ይሻላል ተብሎ ተምሯል። በዚያች ሰዓት ግን ያ ጠርሙስ ለአባቱ ከውሃ አይሻልም ነበር። ማጣፈጫ ምላስን ያጣፍጣል፤ የወረደ የደም ስኳርን አያነሳም። ከእጁ ተቀብዬ ባለ ስኳሩን ሰጠሁት። ትንሽ ስኳርም በወረቀት ጠቅልዬ አስያዝኩት። ሰውየው ደህና ሆኑ። ግን እኔ ባልኖርና ሱቁን የሚጠብቀው የወንድሜ ልጅ ቢሆን ኖሮ ዜሮውን ይሰጠው ነበር። ምን ያውቃል?

ይህን ሁሉም ቤት ይወቅልኝ። ስኳሩ የወረደበትና መዋጥ የሚችል ሰው 15 ግራም ገደማ እውነተኛ ስኳር ያስፈልገዋል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ይበቃል። ማርም ይሆናል። ባለ ስኳር ለስላሳም ይሆናል፤ በ330 ሚሊ ሊትር መደበኛ ኮካ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር ስላለ ግማሹ እንኳ ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለታል። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይደረግም፤ በባጃጅም በሰው ትከሻም ወደ ጤና ተቋም ይሮጣል። ዜሮ መጠጥና በማጣፈጫ ብቻ የጣፈጠ ዱቄት በዚህ ሰዓት አይረዱም። የሠፈሬን ልጅ ከስህተት ሊያድነው የሚችለው ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር። "ስኳር የለውም፤ በማጣፈጫ የተሠራ።" በቃ ይህ ነው።

ስለ ቀሪቦም አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ለዝክሩም ለለቅሶውም አልኮል የማይወስድ ሰው ቀሪቦ ይቀርብለታል። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ በስኳርና በእርሾ ይዘጋጃል። ስኳር በጠፋበት ሰሞን አንዳንዶች የማጣፈጫ ክኒን መጨመር ጀመሩ። ስጠጣው ወዲያው አውቀዋለሁ። ከዋጡት በኋላ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው። ሳካሪን እንዲያ ነው። የሚሸጡት ሴቶች ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። አንዲቷን ጠጋ ብዬ "ስንት ነው የምትጨምሪበት?" አልኳት። "በዓይኔ ገምቼ ነው" አለችኝ። ስኳርን በዓይን ገምቶ መጨመር ይቻላል፤ ቢበዛ ይጣፍጣል። ከስኳር 300 ጊዜ የሚጣፍጥን ነገር በዓይን መገመት ግን አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህንን ቢያስተምሩ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ወደ መንግሥት ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። ስኳር የበዛበት መጠጥ ቢወደድ አልቃወምም። ስኳር ጥርስንም ሰውነትንም ጎድቶናል። ነገር ግን ሌሎች አገሮች ያዩትን እኛም ማየታችን አይቀርም። ቺሊ በ2016 ስኳር የበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች። አምራቾች ስኳሩን ቀነሱ። ጣዕሙን ግን አልቀነሱም፤ ማጣፈጫ ተኩበት። ምልክቱ ጠፋ፤ ልጆች የሚወስዱት ማጣፈጫ ግን ጨመረ። እንግሊዝም በ2018 በስኳር መጠጥ ላይ ቀረጥ ስትጥል ብዙ ፋብሪካዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። ስኳርን የሚገፋ ሕግ ሲወጣ ማጣፈጫው እግር በእግር ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ የኛ ሕግ ሁለቱንም አብሮ ማየት አለበት።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ሌሎች ሠርተውታል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማጣፈጫ ያለበት ምግብ ከስሙ ጋር "ማጣፈጫ አለው" ተብሎ ይጻፍበታል። ስኳርም ማጣፈጫም ካለው ሁለቱም ይጻፋሉ። አስፓርቴም ካለው ፌኒልአላኒን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለበት ይነገራል፤ ይህን መፍጨት የማይችል የዘር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች ተብሎ በሚዘጋጅ ምግብ ውስጥ ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ፊት ለፊቱ ላይ "ማጣፈጫ አለው፤ ለልጆች አይመከርም" የሚል ጥቁር ሣጥን እንዲታተም አድርጋለች። አያችሁ፣ ሜክሲኮ አልከለከለችም። እናት አይታ ትወስን አለች። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

እኛም ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለን። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅም አለን፤ ቁጥር 1112። የሕፃናት ወተት እንዴት እንደሚሸጥ የሚቆጣጠር አካል የሕፃናት ጁስ ላይ አንድ መስመር ማስጻፍ አያቅተውም። ከውጭ የሚገባውም አገር ውስጥ የሚመረተውም እኩል ይጻፍበት። በአማርኛ ያልኩት እኔ የማነበው እሱን ስለሆነ ነው። ፍቼ ላለችው እናት በኦሮምኛ ይጻፍላት። መጠኑም በሚሊ ግራም ይታተም። አስመጪው ለፓኬቱ ጥሩ ጥሩ የማንጎ ሥዕል ማሠራት ከቻለ ይህችን መጨመር ምን ያህል ይከብደዋል?

"ደሃ እናት ስኳር መግዛት አቅቷት በርካሽ ልጇን ብታስደስት ምን አገባሽ?" ያለኝ ሰው አለ። ደጋግሞ ያለኝ ደግሞ ዱቄቱን የሚያከፋፍል ሰው ነው። መልሴን ለሁሉም ልናገር። ያቺ እናት ድሃ ስለሆነች የምትገዛውን ማወቅ የለባትም ማለት ነው? ገንዘብ ያነሰው ሰው ነው እንዲያውም እያንዳንዱን ብር ምን ላይ እንዳዋለ ማወቅ ያለበት። በዚያ ፓኬት ዋጋ ልጇ ምግብ አላገኘችም። ማጣፈጫው ራሱ ምንም ጉልበት የለውም። ስኳር ካልገባበት የቀረው ቀለም፣ መዓዛና ሲትሪክ አሲድ ነው። ማጣፈጫ ጥርስ አያበሰብስም የሚሉኝም እውነት አላቸው፤ አሲዱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ጥርስን ይሸረሽራል። ይህንን ካወቀች በኋላ ልግዛ ካለች መብቷ ነው። ብዙዎቹ ግን ሲያውቁ አይገዙም። በሱቄ አይቼዋለሁ። ሳነብላቸው "ኧረ በስመ አብ!" ብለው መልሰው ያስቀምጡታል። ከዚያ "ታዲያ ምን ልስጣት?" ይሉኛል። እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ለሚማር ልጅ ገብሳችን አለ፤ በሶ በጥብጠሽ ስጫት፣ ትንሽ ማር ካለሽ ጣል አድርጊበት። ተልባ አለ። ከቆላ ብርቱካን ሲመጣና ሲረክስ አንድ ግዢላት። ሌላ ቀን የፈላ ንጹህ ውሃ በሃይላንዷ ያዢላት፤ ውሃ የሚጠጣ ልጅ አልተበደለም።

በሱቄ የምችለውን አድርጌያለሁ። የጁስ ዱቄቱን ከልጅ እጅ ከፍ ወዳለ መደርደሪያ አንስቼዋለሁ። ማጣፈጫና ስኳር ያለበትን፣ ማጣፈጫ ብቻ ያለበትን፣ ስኳር ብቻ ያለበትን ለያይቼ በካርቶን ላይ በማርከር ጽፌ አንጠልጥያለሁ። ዜሮ ጠርሙሶቹ ላይ "ስኳር ለወረደበት ሰው አይሆንም" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ሽያጬ ትንሽ ቀንሷል። ይቀንስ። ግን አንድ ሱቅ ነኝ። ከእኔ አልፎ ያለው ሱቅ ያንኑ ፓኬት እንደ ድሮው ይሸጣል። በካርቶንና በማርከር የማደርገውን አምራቹ በማተሚያ ማሽኑ ማድረግ አለበት።

እስከዚያው ድረስ ባለሱቅ ሁሉ፣ እናትም አባትም የፓኬቱን ጀርባ ገልብጦ እንዲያይ ቁጥሮቹን በጋዜጣችሁ ጎላ አድርጋችሁ አትሙልኝ። 950 አሲሰልፌም ፖታሲየም ነው። 951 አስፓርቴም። 952 ሳይክላሜት። 954 ሳካሪን። 955 ሱክራሎዝ። 960 ከስቴቪያ ቅጠል የሚወጣው። 961 ኒዮቴም። ቀድዶ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ባለሱቅ ይኖራል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ።

አክባሪያችሁ
የሱቅ ነጋዴ፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ